ማስረጃ የሚጠይቅ ሰውና ምቀኛ አንድ አደሉም፦ «ቅናት ለአጥማጅ ጥሩ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አጥማጆች እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ ትልልቅ አሳ በሚያሳድዱ ሰዎች መሀል ስላለው ቅናት ነው የሚያወራው፣ እና ያልደረሳችሁ ካላችሁ ሀሳቡ ባጭሩ ይሄን ይመስላል፤ ቅናት ተፈጥሮ ነው፣ አጥማጁን ያጎብዘዋል፣ ሪከርድ የሚሰበረውም በሱ ነው። ትልቅ አሳ መያዝ አብዛኛው እድል ስለሆነ የያዘውን ሰው «እድል ነው» ማለት ነውር የለውም። ምቀኛ ባይኖር ኖሮ አጭበርባሪ ሁሉ ዋንጫ ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። የሚያጠምድበትን ቦታ የሚደብቅ ሰው ራስ ወዳድ ስለሆነ ተከትሎ ሄዶ አጠገቡ መወርወር መብት ነው። ፎቶ የለጠፈ ሰው ስድቡንም ይጠጣ። በመጨረሻም በዚህ ሁሉ የሚጎዳ ሰው የለም ይለናል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ነው የተጻፈው፣ ይሄን አልክድም፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ እውነትም አለው። ግን ገና ዘንግ መያዝ የጀመረ ልጅ ሲያነበው ምን ይዞ ይሄዳል ብዬ ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚ አንድ በአንድ ልሂድበት።

መጀመሪያ «ያጎብዛል» የሚለው። ሁላችንም እናውቀዋለን ያንን ስሜት፣ ጓደኛህ አንተ ለአመታት የተመኘኸውን አሳ ይዞ ስታይ ሆድህ ውስጥ አንድ ነገር ይላል፣ ይሄ ሰው መሆን ነው። ከዛ በኋላ የምታደርገው ነገር ነው ጉዳዩ። አንዱ ሄዶ «እንዴት ያዝከው፣ ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር፣ ውሃው ምን ይመስል ነበር» ይላል፣ ሌላው ደግሞ ያ አሳ ባይያዝ ኖሮ ደስ ይለው ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከቶ የመጀመሪያው ሰው ያገኘውን ጉብዝና ለሁለተኛው ይሸልመዋል። እኔ የማውቃቸው ጎበዞች በሙሉ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው፣ የሌላው ውጤት ሲያንስ የነሱ የሚበልጥ የሚመስላቸው አደሉም።

ታሪክም አለ ለዚህ። ካሊፎርኒያ ካታሊና ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1898 የተቋቋመ የቱና ክለብ አለ፣ ዛሬ ስፖርታዊ አሳ ማጥመድ የምንለው ነገር ደንቦቹን ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የክለቡ አባል የነበረና በዘመኑ በጣም ታዋቂ የሆነ አንድ ደራሲ 418 ፓውንድ የሆነ ሰይፍ አሳ ያዘ፣ ወደ 190 ኪሎ ማለት ነው፣ በጣምም ኮራበት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሰውነቷ ቀጭን የሆነች ሴት 426 ፓውንድ ይዛ መጣች። ሰውየው እንኳን ደስ አለሽ ማለት አቅቶት እሷ ብቻዋን ልትጎትተው አትችልም፣ ሰው አግዟት ነው የሚል ወሬ አወራ፣ ነገሩ ተካሮ መጨረሻው ላይ ከክለቡ ጋር ተለያየ። አሁን የጽሑፉ ደጋፊዎች «እሱ እኮ በኋላ ከሷ የሚበልጥ ይዟል» ሊሉ ይችላሉ፣ አዎ ይዟል፣ በ1930 ታሂቲ ላይ ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ማርሊን የሚባል አሳ ይዟል። ግን ያንን ያመጣለት ባህር ላይ የከረመበት ጊዜ፣ ጀልባውና እቃው፣ ሌላ ሰው ያልደረሰበት ውሃ ድረስ መሄዱ ነው። ሴትየዋን ማዋረዱ አንድ ፓውንድ አልጨመረለትም፣ ስሙ ላይ ግን እስካሁን ተለጥፎ ቀርቷል፣ ይኸው ከመቶ አመት በኋላ እኛ እያወራነው ነው።

ሁለተኛው «እድል ነው» የሚለው። እድል የለም አልልም፣ መንጠቆ ውሃ ውስጥ የከተተ ሰው ሁሉ እድል እንዳለ ያውቃል። ግን ትልቅ አሳ ምን እንደሆነ እናስብ እስቲ። ትልቅ አሳ ማለት አሮጌ አሳ ነው፣ በብዙዎቹ ዝርያ ላይ፣ ባስም በሉት ዋልአይም ፓይክም፣ ትልልቆቹ ሴቶቹ ናቸው፣ አንድ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ እዛ እድሜ ላይ የደረሱት ብዙ መንጠቆ አምልጠው ወይም ተይዘው ተለቀው ነው። እንደዚህ አይነቱን አሳ ደጋግሞ የሚያገኝ ሰው የውሃው ሙቀት መቼ እንደሚለወጥ፣ ንፋሱ ትንንሾቹን አሳዎች ወደየትኛው ዳር እንደሚገፋቸው፣ አሳዋ እንቁላል ከመጣሏ በፊት የት እንደምትቆም፣ ጠዋት ላይ ጥላው የቱ ጋር እንደሚውል ያውቃል። አንድ ጊዜ የያዘን ሰው እድለኛ በሉት እሺ፣ በየአመቱ የሚይዘውን ሰውስ? ደግሞ አንድ የገረመኝ ነገር፣ ጸሐፊው እራሱ የያዘውን ትልቅ አሳ ሲተርክ ስለትዕግስቱና ስለችሎታው ነው የሚያወራው፣ እድል የሚለው ቃል ስለሌላ ሰው ሲሆን ብቻ ነው የሚመጣለት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሦስተኛው ነጥብ፣ ብዙ ሰው ያሳመነውም ይሄ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት። ምቀኛ ከሌለ አጭበርባሪ አይያዝም ይላል፣ ማስረጃው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መስከረም መጨረሻ ላይ አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ የሆነው የኤሪ ሀይቅ የዋልአይ ውድድር ነው። እንደሚታወቀው ሁለት ተወዳዳሪዎች አሳቸው ሆድ ውስጥ ከእርሳስ ብረት የተሰራ ክብደትና የሌላ አሳ ሥጋ ከተው ተገኙ፣ 10 የእርሳስ ክብደት ነው የወጣው፣ ቪዲዮውን አለም በሙሉ አይቶታል። በ2023 ጥፋተኛ መሆናቸውን አምነው 10 ቀን ታሰሩ፣ የማጥመድ ፈቃዳቸው ለ3 አመት ታገደ፣ ጀልባቸውም ተወረሰ። እሰይ ነው የምለው እኔ፣ የሰው ገንዘብና የሰው ድካም ነው የሰረቁት።

ግን እንዴት ተያዙ? ጸሐፊው እዚ ጋር ዝም ብሎ አልፎታል። የያዛቸው የውድድሩ ሀላፊ ነው፣ አሳዎቹን አይቶ እንደዚህ አይነት ርዝመት ያለው ዋልአይ እያንዳንዱ ወደ 4 ፓውንድ መሆን አለበት ብሎ ገመተ፣ ሚዛኑ ግን በአማካይ ወደ 7 ፓውንድ እየጠጋ ነበር። ቁጥሩ አልገጠመም። ሆዳቸውን በእጁ ዳሰሰው፣ ጠንካራ ነገር አገኘ፣ ቀደደው፣ ወጣ። አያችሁ፣ ሰውየው ዋልአይ በምን ያህል ርዝመት ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቃል፣ ሚዛን አለው፣ ስራውም ነው። ከዛ በኋላ ህዝቡ ሲናደድና ሲጮህ ደግሞ ሰዎቹን ማንም እንዳይነካቸው የከለከለው እራሱ ነው። ይሄ ሰው የምቀኝነት ምሳሌ ሊሆን አይችልም። አሳውን አይቶ፣ መዝኖ፣ ዳስሶ ነው የተናገረው፣ ምቀኛው ደግሞ አሳው ገና ከውሃ ሳይወጣ ፍርዱን ጨርሷል።

እዚ ላይ ለማንም የሚጠቅም ነገር ልናገር። አሳ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ እጥፍ አይሆንም፣ ቅርጹ ያው ከሆነ ወደ 8 እጥፍ ነው የሚጠጋው። ስለዚ ፎቶ ላይ ትንሽ የሚረዝም የመሰለ አሳ ሚዛን ላይ በጣም ሊበልጥ ይችላል። አጥማጆች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌትም አለ፣ ርዝመቱን በኢንች፣ ሲባዛ በወገቡ ዙሪያ፣ እንደገና ሲባዛ በወገቡ ዙሪያ፣ ከዛ ለ800 ይካፈላል፣ የሚመጣው በፓውንድ ነው። 30 ኢንች ርዝመትና 16 ኢንች ዙሪያ ያለው አሳ 9.6 ፓውንድ ይመጣል፣ 4 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው። ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ ሆዷ እንቁላል የሞላ ከሆነም ይለያያል፣ ግን አንድ ሰው ይሄን አሳ 15 ፓውንድ ነው ካለ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። እንደዚህ የጠየቀን ሰው ማንም ምቀኛ አይለውም፣ እኔም አልለውም፣ መልሱ ሲመጣለት የሚቀበል እስከሆነ ድረስ።

አሁን ጸሐፊው ያልጠቀሰውን ሌላኛውን ወገን እንየው። ዴቪድ ሄይስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1955 ዴል ሆሎው ሀይቅ ላይ፣ አሜሪካ ኬንታኪና ቴነሲ ድንበር ላይ ያለው፣ 11 ፓውንድ ከ15 አውንስ (16 አውንስ አንድ ፓውንድ ነው) የሆነ ስሞልማውዝ ባስ ያዘ፣ 5 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ፣ የአለም ሪከርድ። በዛው አመት የጀልባ ማረፊያው ሰራተኛ የነበረ አንድ ሰው አሳው ሆድ ውስጥ ክብደት ለመጨመር ብረት ተከቷል ብሎ ቃሉን በጽሑፍ ፈርሞ ሰጠ። ወረቀቱ ተረስቶ ቆይቶ ከ40 አመት በኋላ ብቅ አለና በ1996 የሄይስ ሪከርድ ተሰረዘ። ሰውየው በህይወት ነበር፣ አሳውን የያዘው ሚስቱና ልጁ ባሉበት ጀልባ ላይ ነው፣ ያኔ ግን ስሙ የአጭበርባሪ ስም ሆኖ ከመዝገብ ወጣ። ጉዳዩ እንደገና ሲመረመር ያ የፈረመው ሰው ታሪክ አልቆም አለ፣ በ2005 ሪከርዱ ተመለሰለት። ወደ 10 አመት ሙሉ፣ በእርጅናው፣ ባላጠፋው ጥፋት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው ነው። ጸሐፊው «ተጠራጣሪ ማንንም አይጎዳም» ብሎ ሲጽፍ እንደዚህ አይነት ሰዎችን የት ነው ያስቀመጣቸው?

ማኑቡ ኩሪታ ደግሞ አለ። በላርጅማውዝ ባስ የአለም ሪከርዱ የጆርጅ ፔሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ፣ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የተያዘ። ይሄ ቁጥር ለ77 አመት ማንም አልደረሰበትም። በ2009 ኩሪታ ጃፓን ቢዋ ሀይቅ ላይ 22 ፓውንድ ከ4.97 አውንስ የሆነ ያዘ፣ በትንሹ ይበልጣል። ወዲያው ወሬው ተነሳ፣ የተከለከለ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የያዘው፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው። የአጥማጆችን የአለም ሪከርድ የሚመዘግበው አለም አቀፉ የጌም ፊሽ ማህበር፣ አይጂኤፍኤ፣ ጉዳዩን መረመረ፣ ሰውየውን በውሸት መመርመሪያ ማሽን አስፈተነው፣ አለፈ፣ በ2010 መጀመሪያ ላይ አጸደቀለት። እና በደንቡ መሰረት ከ25 ፓውንድ በታች የሆነ አሳ የቆየውን ሪከርድ በ2 አውንስ ካልበለጠ እንደ እኩል ነው የሚታየው፣ ስለዚ ኩሪታና ፔሪ እኩል ተብለው ተመዘገቡ። ልብ በሉ፣ ኩሪታ የተጠየቀውን በሙሉ አሟልቷል፣ የበለጠበት ያህል እንኳን ሳይቆጠርለት እኩል መባልን ተቀብሏል። ዛሬም ድረስ ግን አላምንም የሚል ሰው ታገኛለህ። ለዚህ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይቅረብለት? ምንም ነገር አያሳምነውም፣ ያመመው ሪከርዱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነውና።

ይሄን ነው እንግዲህ ማለት የፈለግኩት በጠቅላላው። አጭበርባሪን የሚያቆመው የተረጋገጠ ሚዛን ነው፣ ምስክር ነው፣ የማጥመጃው ክር፣ የናይለኑ፣ ናሙና ተልኮ መመርመሩ ነው፣ አሳውና አጥማጁ ዘንጉና ሚዛኑ አብረው ያሉበት ፎቶ ነው፣ አሳው እየታገለ ሌላ ሰው ዘንጉን ከነካ አይቆጠርም የሚለው ደንብ ነው። አይጂኤፍኤ ከ1939 ጀምሮ ያለው ለዚህ ነው። እነዚህ ነገሮች ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ይሰራሉ። ምቀኝነት ግን ሰው እየመረጠ ነው የሚሰራው፣ የምንወደው ሰው ሲይዝ «ጎበዝ!» የማንወደው ሲይዝ «እስቲ ሚዛኑ የታል?»።

ጥያቄ ሳይጠየቅ ሪከርዱን በራሱ እጅ የተወ ሰውም አለ፣ እሱን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ማክ ዊክሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ ዲክሰን ሀይቅ ላይ 25 ፓውንድ ከ1 አውንስ የመዘነች ባስ አወጣ፣ ከፔሪ ወደ 3 ፓውንድ የምትበልጥ፣ ባስ አጥማጅ ሁሉ እድሜውን ሙሉ የሚያልማት አሳ ማለት ናት። ግን መንጠቆው የገባው አፏ ውስጥ ሳይሆን ጀርባዋ አካባቢ ነበር። መዝኖ፣ ፎቶ አንስቶ፣ መልሶ ውሃ ውስጥ ለቀቃት፣ ሪከርድ ይያዝልኝ ብሎም አላመለከተም። አሳዋ ከ2 አመት በኋላ ሞታ ተንሳፋ ተገኘች፣ ጉንጯ አጠገብ ባለው ጥቁር ነጥብ ነው የለዩዋት። ለዚህ ሰው እንኳን ያኔ የተወራበት ወሬ ብዙ ነው፣ ሆን ብሎ ነው የወጋት ያለው አለ፣ ሚዛኑ ልክ አደለም ያለው አለ። ምንም ያልጠየቀን ሰው! ሪከርድ አልፈለገም፣ ሽልማት አልፈለገም፣ አሳዋንም አልወሰደም፣ ከሱ ምን ሊቀማ ነው ያ ሁሉ ወሬ?

ቦታ ስለመደበቅ ያነሳው ላይ ግማሹን እስማማለሁ። ውሃው የሁሉም ነው፣ ማንም ሰው ሀይቅ ገዝቶ አልመጣም፣ ቀድሞ የደረሰ ሰው ዳሩን በሙሉ የራሱ ሊያደርግ አይችልም። እስማማለሁ። ግን ከዚህ ተነስቶ የሰው ጀልባ ተከትሎ መሄድ፣ ሰውየው አሳ ሲይዝ አይቶ ሞተር እያስነሳ መጠጋት፣ ናይለኑ ላይ አቋርጦ መወርወር፣ አሳው እየታገለ ባለበት ሰአት መልህቅ መጣል መብት ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሞተር ይዘህ ስትገባ አሳው ይሸሻል፣ የራስህንም የሱንም ነው የምታበላሸው፣ ማንም ሳይይዝ ቀኑ ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ ለዛ ነው የሚመጣው እኮ፣ እኔ ካልያዝኩ ማንም አይያዝ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አሳ ጎትቼ ዳር ላደርሰው ስል አጠገቤ የነበረ ሰው ሆን ብሎ ናይለኔ ላይ ወርውሮ አሳው ተበጥሶ ሲሄድ ቀና ብሎ እንኳን ይቅርታ አላለኝም። አሳው ሄደ፣ መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሄደው፣ እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

እና ሰው ለምን ቦታውን ይደብቃል? ራስ ወዳድ ስለሆነ ብቻ አደለም። አንድ ትንሽ ውሃ ውስጥ ያሉት ትልልቅ አሳዎች ጥቂት ናቸው ብያለሁ፣ ቦታው በአንድ ሳምንት ከታወቀ የሚመጣው ሰው ብዛት፣ ደጋግሞ መያዙ፣ እንቁላል የምትጠብቅ አሳ ከጎጆዋ ላይ መነሳቷ፣ አንዳንዱም ይዞ ሄዶ መብላቱ ተደምሮ ውሃው ባዶ ይሆናል። ከፎቶ ጀርባ ያለውን ተራራ አደብዝዞ የሚለጥፍ ሰው ብዙ ጊዜ አሳውን ነው የሚጠብቀው። ጸሐፊው ይሄን እንደ ስድብ ግብዣ መቁጠሩ አልገባኝም።

ፎቶ የለጠፈ ስድቡን ይጠጣ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም መከራከሪያም አደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወጣት ከ31 ኪሎ በላይ የሆነ ካርፕ ያዘ፣ በሀገሩ ከተያዙት ሁሉ የበለጠ ተባለለት፣ ወዲያው አሳው ሰው ሰራሽ በሆነ መንገድ ያደገ ነው የሚል ክርክር ተነሳ። ክርክሩ ተገቢ ነው፣ አሳ በገንዳ ተቀልቦ አድጎ ሀይቅ ውስጥ ከተጨመረ ሪከርድ ይባል ወይስ አይባል የሚለው ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ልጁ የግድያ ማስፈራሪያ ደረሰው። በካርፕ ምክንያት! ይሄንንም ይጠጣ ነው የምትለን ወንድሜ? ካልሆነ መስመሩ የት ጋር ነው? ጽሑፍህ ውስጥ መስመር ፈልጌ አጣሁ።

«የሚጎዳ የለም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፣ አሳውን ስለረሳው። ሰው እንደማያምነው ቀድሞ የሚያውቅ አጥማጅ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? አንድ ፎቶ በቂ አይሆንለትም። በሚዛን ያንጠለጥለዋል፣ ያወርደዋል፣ ሜትር ላይ ያስተኛዋል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ «ፎቶው በእጅ ተዘርግቶ ወደ ካሜራ የተጠጋ ነው» እንዳይሉት በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ያነሳል፣ አሳው ይሄን ሁሉ ጊዜ ከውሃ ውጪ ነው። አሳ ከውሃ ሲወጣ የትንፋሽ አካሉ ይጣበቃል፣ ኦክስጅን መውሰድ ያቆማል፣ ያ ሁሉ ትግል ታግሎ ደክሞ እያለ ማለት ነው። ጥንቃቄ ያላቸው ሰዎች ከ30 ሰከንድ ባይበልጥ የሚሉት ለዚህ ነው። ትልቅ አሳ በመንጋጋው ብቻ ተንጠልጥሎ ክብደቱን በሙሉ ሲሸከም መንጋጋውና የውስጥ አካሉ ይጎዳል፣ በደረቅ እጅ ሲያዝ ቆዳው ላይ ያለው ከበሽታ የሚከላከልለት ለስላሳ ሽፋን ይላጣል። ዋኝቶ ሲሄድ ስታየው ተርፏል ትላለህ፣ ከሰአታት በኋላ ሊሞት ይችላል። አሮጌ እናት አሳ ናት ብዙ ጊዜ፣ ሺህ በሺህ እንቁላል የምትጥል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ኮመንት ላይ ለሚመጣው ተሳዳቢ መልስ ለማዘጋጀት ነው። አይጂኤፍኤ ራሱ ይሄን አይቶ በ2011 አሳው ሳይገደል በርዝመት ብቻ ተለክቶ የሚለቀቅበት የሪከርድ ዘርፍ ከፍቷል፣ መለኪያው ላይ አስተኝተህ፣ ፎቶ አንስተህ፣ ትለቀዋለህ። እንደዚህ አይነት አሰራር የሚጠቅመው ግን የቀረበለትን መለኪያ የሚያምን ሰው ሲኖር ነው።

ሰውም ይጎዳል። በጣም የማከብረው አንድ ትልቅ ሰው አለ፣ ስለ ውሃ የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ ሌላ ሰው አላየሁም፣ ድሮ ለማንም ያስተምር ነበር፣ ልጆቹን ሰብስቦ መንጠቆ አስተሳሰር ያሳያቸው ነበር። አንድ በጣም ትልቅ አሳ ይዞ ካሳየ በኋላ በተወራበት ወሬ ምክንያት ዝም አለ፣ አሁን ይዞ ይለቃል፣ ለማንም አያሳይም፣ ለማንም አይናገርም። እኔ «ምን ሆነህ ነው» ስለው «ምን ያደርግልኛል» ነው ያለኝ። የሱ እውቀት አብሮት እየጠፋ ነው። አዲስ የሚመጡት ልጆች ማንን አይተው ይማሩ? በዝምታ ውስጥ ያሉትን ጎበዞች አያዩዋቸውም፣ የሚያዩት የሚጮሁትን ነው። ሴቶች ደግሞ ከዚህም በላይ ነው የሚደርስባቸው፣ ከመቶ አመት በፊት ካታሊና ላይ የተባለው «ሰው አግዟት ነው» ዛሬም ቃል በቃል ይባላል፣ ትልቅ አሳ የያዘች ሴት ፎቶ ስር ገብታችሁ እዩ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ጎተተልሽ የሚል ነው። እና የሚጎዳ የለም?

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ጸሐፊው ወደ መጨረሻው ላይ፣ እንደ ትልቅ ጀብዱ አድርጎ፣ አንድ ውድድር ላይ ያሸነፈው ሰውዬ እጁን ሲዘረጋለት እንዳልጨበጠው ይነግረናል። ምክንያቱ «እንደዛ አይነት አሳ እዛ ውሃ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ» ነው። ሚዛኑን አላየም፣ አሳውን አልነካም፣ ለዳኞቹ ቅሬታ አላቀረበም፣ ዳኞቹም ምንም ችግር አላገኙም፣ እራሱ ነው ይሄን ሁሉ የጻፈው። ወንድሜ፣ ያ ሰውዬ ካጭበረበረ ያጭበረበረው አንተን ብቻ አደለም፣ እዛ የተሰለፉትን በሙሉ ነው፣ እና ጥርጣሬ ከነበረህ ለነሱ ስትል እዛው መናገር ነበረብህ። ካላጭበረበረ ደግሞ በህይወቱ ትልቁን አሳ በያዘበት ቀን ሰው ሁሉ እያየ እጁን አየር ላይ አስቀርተህበታል። ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ሦስተኛ የለውም። ውድድሩ የተመዘገበ ስለሆነ የአሳው ልኬት አዘጋጆቹ ጋር አለ። ጠይቃቸው፣ ርዝመቱንና ዙሪያውን አምጣልን፣ እኔ ከላይ በጻፍኩት ስሌት አብሬህ አሰላዋለሁ፣ ሚዛኑ በጣም ርቆ ከተገኘ ስሜን ከስምህ ጎን አድርጌ ቅሬታውን አስገባለሁ። ከገጠመ ግን ሰውየው ጋር ሂድና እጁን ጨብጠው፣ ከዛም እዛው ጽሑፍህ የወጣበት ቦታ ላይ ጻፈው።